ሊጡን ላቡካላት ወይስ ልቅር? የእናቴ የማርያም ማኅበርና የእኔ እምነት

የኮተቤ ልጅ · ኅዳር 23

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

እናቴ የማርያም ማኅበር ትጠጣለች። እኔ ሳልወለድ ነው የጀመረችው። ዘንድሮ የኅዳር ጽዮን ተራው የእሷ ነበር። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ጌታን ተቀበልኩ፣ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ያን ሰሞን እናቴ በጣም አለቀሰች። ከዚያ ዝም አለች። እስከ ዛሬ ስለ ሃይማኖት አንስተን አናውቅም። ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ደም ግፊቷ ነው የምናወራው።

ድግሱን የምታግዛት ታናሽ እህቴ ነበረች። እሷ መጋቢት ላይ ቤሩት ሄደች። ስለዚህ እናቴ ደወለችልኝ። "ሌላ አልጠይቅሽም፣ ሊጡን ብቻ አቡኪልኝ፣ ክንዴን አሞኛል" አለች።

የቤት ኅብረታችንን መሪ አማከርኩት። "እጅሽን አታስገቢ፣ ለጣዖት የተሠዋ ነው" አለኝ። እናቴን ሥራ ይዞኛል አልኳት። ዋሸኋት።

ማታ ግን አላስቻለኝም፣ ሄድኩ። እንግዶቹ ወጥተዋል። ቤቱ ዕጣን ዕጣን ይላል፣ ቄጠማው እንደተጎዘጎዘ ነው። እናቴ ዱካ ላይ ተቀምጣ ክንዷን በቫዝሊን ታሻለች። ድፎው በአንድ በኩል አርሯል። ከባድ ስለሆነ ብቻዋን ማገላበጥ አልቻለችም። መሶቡ ላይ በኮባ የተጠቀለለ ቁራሽ አስቀምጣልኛለች። "ያንቺ ነው። ካልበላሽም ግዴለም" አለችኝ። አልበላሁም። አብረን ዜና አይተን ወጣሁ። በማግስቱ ስደውልላት "ዳቦሽን ረስተሽው ሄድሽ" አለች።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በየፕሮግራሙ "ጌታ ሆይ አንድ አድርገን" እያልን እንጸልያለን። የገዛ እናቴን ሊጥ ማቡካት ካልቻልኩ ከማን ጋር ነው አንድ የምሆነው? እምነቴን አልለቅም። እናቴንም አልለቅም። እናንተ በቤታችሁ እንዴት አደረጋችሁት? እባካችሁ ስድብ አይኑር።

ዲያቆን ከጎንደር · ኅዳር 23

እህቴ፣ እውነቱን ሳትደብቂ ስለጻፍሽው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። "ለጣዖት የተሠዋ" የሚለው ቃል ልቤን ወግቶኛል። ግን የአንቺ ቃል አይደለም፣ አንቺን አልወቅስሽም።

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ዳቦው ላይ የሚደግሙት አቡነ ዘበሰማያትን ነው። አንቺም በአማርኛ የምትጸልይውን፣ አባታችን ሆይን። ዳቦው በእግዚአብሔር ስም ይባረካል፣ በእመቤታችን መታሰቢያ ይቆረሳል፣ ለዘመድም ለተቸገረም ይታደላል። የምንለያየው "መታሰቢያዋ" ላይ ስንደርስ ነው። እሱን ትንሽ ነገር ነው ብዬ ላታልልሽ አልፈልግም። ለእኛ ትልቅ ነው፣ ለእናንተም እንደዚያው። ግን ልዩነታችን የቱ ጋ እንደሆነ ለይተን እንወቅ። ዱቄቱና እርሾው ውስጥ የለም።

እኔ ጎንደር ስላደግኩ "አንድነት" ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብኝ ዐፄ ሱስንዮስ ነው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት ተቀበለ። በኋላ አልፎንሶ ሜንዴዝ የሚባል የካቶሊክ ፓትርያርክ ከሮም ተሹሞ መጣ። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይካኑ ተባለ። አገሩ በአመፅ ተናጠ። በ1632 ወይና ደጋ ላይ የንጉሡ ጦር የላስታን አማፂ ገበሬ ፈጀ፣ 8,000 ያህል ሰው አለቀ ይባላል። ገዳዩም ሟቹም ክርስቲያን ነበር። ንጉሡ በዚያው ዓመት የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ ብሎ አዋጅ አስነገረ፣ ዙፋኑንም ለልጁ ለፋሲል ተወ። እኛ ዘንድ "አንድ እንሁን" ሲባል "ሊውጡን ነው" ብሎ የሚደነግጥ ሰው ካየሽ ከዚህ የመጣ ነው። ጠላትነት አድርገሽ አታንብቢው።

ስለ ሊጡ፦ አቡኪላት። ኅሊናሽ ካልፈቀደ አትብዪ። ማቡካት መብላት አይደለም። ብቻ ሁለተኛ ሥራ ይዞኛል አትበያት።

እውነት ይቅደም · ኅዳር 24

ዲያቆን፣ በአክብሮት ልመልስ። እኔ ወንጌላዊ አማኝ ነኝ። በፍቅር ስም ልዩነትን መሸፋፈን አልወድም፣ እርስዎም አልሸፋፈኑም፣ አመሰግናለሁ። ግን አንድነት ከሊጥ በፊት ሌላ ነገር ይቀድመዋል።

ያደግኩት በአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። አያቴ ሲሞት የመቃብር ቦታ ተከለከልን። ሬሳው ቤት አደረ። በማግስቱም አደረ። እድሩ ድንኳን ተክሏል፣ ሰው ተቀምጧል፣ መሬት ግን የለም። አባቴ ሲለምን ውሎ አመሻሽ ላይ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲመለስ ትዝ ይለኛል። በሦስተኛው ቀን አንድ ገበሬ ከማሳው ዳር ቆርሶ ሰጠን። ኦርቶዶክስ ነበር። የቆፈሩትም የእድሩ ሰዎች ናቸው፣ አብዛኞቹ ማተብ ያሰሩ። እኔ 11 ዓመቴ ነበር። "መናፍቅ" የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ስለ አንድነት ሳስብ ጉባኤና መግለጫ አይታየኝም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስንሞት የምንቀበርበት አትከልክሉን።

ዲያቆን ከጎንደር · ኅዳር 24

ወንድሜ፣ ይህን አንብቤ ስልኬን አስቀምጬ ወጣ አልኩ። አሁን ነው የተመለስኩት። ለአያትህ ነፍስ ይማር። እናንተ እንደማትሉት አውቃለሁ፣ እኔ ግን ከልቤ ነው። የከለከሉህን ሰዎች ወክዬ መናገር አልችልም። ስለ ራሴ ግን ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፣ "መናፍቅ" የሚለውን ቃል እኔም በልጅነቴ ሰው ላይ ጮኼበታለሁና።

የልጆች እናት · ኅዳር 24

ቁስል በአንድ በኩል ብቻ አይደለም፣ የእኔንም ስሙኝ።

የመጀመሪያ ልጄ ጴንጤ ሆነ። እሺ አልኩ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ስመለስ የእመቤታችን ሥዕል ከግድግዳው ላይ የለችም። የቀረው ሚስማሩና ሥዕሉ የሸፈነው ነጭ ቦታ ነው። ሌላው ግድግዳ በጭስ ጠቁሯል። "ከቁም ሳጥኑ ኋላ አድርጌዋለሁ፣ ጣዖት ነው" አለኝ። ያቺ ሥዕል እኔ እሱን ሳምጥ የተንበረከክሁባት ናት። አልተቆጣሁትም። አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ ቦታዋ ሰቀልኳት። ሌሊቱን ግን አለቀስኩ።

እሱም ቆይቶ ገባው። አሁን ሲመጣ ጸሎቱን እሱ ክፍል ያደርሳል፣ እኔ እዚህ። ዓርብና ረቡዕ ቤቴ ሥጋ አያስገባም፣ ሳልነግረው። እኔም መዝሙሩን ከፍ አድርጎ ቢከፍተው ቀንስ አልለውም። አንዳንዱን እንዲያውም ለምጄዋለሁ።

አንቺ የኮተቤዋ፣ እናትሽ ዳቦውን በኮባ የጠቀለለችልሽ ሃይማኖትሽን ልታስለውጥሽ አይደለም። እናት ለቀረ ልጇ ድርሻ ታስቀምጣለች። በቃ።

ሰላም ከዱባይ · ኅዳር 25

እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ዱባይ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ያለው መንግሥት በፈቀደው ግቢ ውስጥ ብቻ ነው። ኡድ ሜታ የሚባለው ሰፈር የካቶሊኮቹና የአንግሊካኖቹ ግቢ አጠገብ ለአጠገብ ነው። አንግሊካኖቹ ግቢ ያለውን አዳራሽ ብዙ ጉባኤ በሰዓት ይካፈለዋል። ሕንዱ አለ፣ ፊሊፒኑ አለ፣ አፍሪካዊው አለ። አንዱ ሲጨርስ ቀጣዩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ወንበሩን እንደነበረ አስተካክለሽ ካልወጣሽ ከእነሱ የጸሎት ሰዓት ላይ ነው የምትቀንሺው። እኔ የመጣሁ ሰሞን ከደጅ ሆኜ የሌሎቹን ዝማሬ ስሰማ "እነዚህ ደግሞ ምን ዓይነት ናቸው" እል ነበር። አሁን ወንበር ሳስተካክል የሚቀጥለው ሰው ይታሰበኛል።

ለዕረፍት ቀን ስድስት ሆነን አልጋ ተከራይተናል። ሦስቱ ኦርቶዶክስ ናቸው። ጠዋት ውዳሴ ማርያም ሲያደርሱ እኔ በረንዳ እወጣለሁ። የእኔ ተራ ሲሆን እነሱ ቡና ያፈላሉ። ተነጋግረን ያወጣነው ሕግ አይደለም፣ እንዲሁ ለመድነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ ሞተችብን። ሬሳዋን አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ ስንሰበስብ ደብተሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ስምና ድርሃም ብቻ ነው የጻፍኩት። ሙስሊም እህቶቻችንም አሉበት። የማን ልጅ ናት፣ የት ትጸልይ ነበር ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ናሆም 21 · ኅዳር 25

ቲክቶክ ላይ ማታ ማታ የሚደረገውን "ክርክር" ያያችሁ ትስማማላችሁ። ሁለት ወጣት ተፋጥጦ ይሰዳደባል፣ ሺህ ሰው ስጦታ ይልካል። እኔም አይ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ሰማሁ፣ አንድ ጥቅስ አልያዝኩም፣ የያዝኩት ንዴት ነው። አጠፋሁት። እዚህ ያለውን ሳነብ ግን የመቃብሩ ታሪክ ሌሊቱን ሁሉ ከውስጤ አልወጣም።

ጋሼ ከመርካቶ · ኅዳር 26

ልጆቼ፣ እኔ 70 ዓመት አልፎኛል። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ወጣቶቹ የሰማችሁት አይመስለኝም።

አቡነ ቴዎፍሎስ የኢትዮጵያ ሁለተኛው ፓትርያርክ ናቸው። ደርግ በ1968 ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ደግሞ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና ወንጌላዊው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት የአብያተ ክርስቲያናት ትብብር እንዲመሠረት የደከሙ ሰው ናቸው። ከአገር እንዲወጡ ዕድል ቀርቦላቸው ነበር፣ የታንዛኒያው መሪ ኔሬሬ ሳይቀሩ። መንጋዬን ጥዬ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 አመሻሽ ላይ ከአምልኮ ሲወጡ ከባለቤታቸው ጋር ተያዙ። በዚያው ክረምት አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። ሁለቱም የት እንደተጣሉ ለ13 ዓመት አልታወቀም። አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ነው። የአቡኑ አጽም ጎፋ ገብርኤል አርፏል። የቄስ ጉዲና ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይ አሥር ዓመት ታስረዋል።

እኔ ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ እሥር ቤትም ቀምሼያለሁ። ከእኛ ክፍል አንድ የኔታና አንድ የሙሉ ወንጌል ልጅ ነበሩ። የኔታ መዝሙረ ዳዊትን በቃላቸው ይወጡታል። ልጁ ግዕዝ አይሰማም፣ ግን "የዛሬው ምን ይላል?" እያለ ይጠይቃቸዋል። እሳቸው በአማርኛ ይነግሩታል፣ እሱ ቀስ ብሎ ያዜመዋል። አንድ ብርድ ልብስ ነበር ያላቸው። ልጁ አንድ ሌሊት ተጠርቶ ወጣ፣ አልተመለሰም። የኔታ ብርድ ልብሱን ለብቻቸው መልበስ እምቢ ብለው ለእኔ ሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ ማንም ሰው መጥቶ "እነዚያ ክርስቲያን አይደሉም" ቢለኝ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ጆሮዬ አይሰማም።

የአዲግራቱ · ኅዳር 26

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎ። እኛን ካቶሊኮችን ግን ሁሌም ትረሱናላችሁ። ቁጥራችን አነስተኛ ነው፣ በ1999ኙ ቆጠራ ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላንም። ዲያቆኑ ያነሣው የሱስንዮስ ነገር እኛንም ያቆስለናል፣ ዛሬም "የሮም ሰዎች" እንባልበታለን። እኔ ግን በግዕዝ ቅዳሴ ነው ያደግኩት። ጽናጽሉ፣ ከበሮው፣ ነጠላው ያው ነው።

አሁን የምኖረው ጣሊያን ነው። እዚህ የገረመኝን ልንገራችሁ። የካቶሊኩ ፋሲካና የኦርቶዶክሱ ፋሲካ ብዙውን ጊዜ የተለያየ ቀን ነው። አንዱ ገና ሲጾም ሌላው በልቶ ጨርሷል። አገራችን ላይ ግን ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ጴንጤውም ፋሲካን በአንድ ቀን ያከብራል። ገናንም። ሌላው ዓለም አንድ ቀን ለመምረጥ ስንት ዓመት ሲነጋገር እኛ ጋ በዶሮ ወጥ ሽታ ተፈትቷል። ይህን ሀብት ከአገር ወጥቼ ነው ያወቅኩት።

ሌላው፣ በ2007 ሚያዝያ ሊቢያ ላይ ወንድሞቻችን ሲታረዱ አዲስ አበባ ጨርቆስ ሰፈር የሐዘን ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። ከሁለት ወር በፊት እዚያው ሊቢያ 20 ግብፃውያን ኮፕቶችና አንድ ጋናዊ ታርደው ነበር። ጋናዊው ኮፕት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2023 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ 21ዱንም በሮም ቤተ ክርስቲያን የሰማዕታት መዝገብ አስገቧቸው። አብረናቸው የማንቆርባቸውን ሰዎች ሰማዕታት ብለን እናከብራለን ማለት ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የአማርኛ መምህር · ኅዳር 27

አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያውን ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎመው አቡ ሩሚ የሚባል የጎጃም መነኩሴ ነው። ካይሮ ተቀምጦ አሥር ዓመት ገደማ ደከመበት። የሥራው ጠያቂ ፈረንሳዊ ቆንስል ነበር፣ ጽሑፉን የገዛውና እ.ኤ.አ. በ1840 ሙሉውን ያሳተመው ደግሞ የእንግሊዞቹ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነው። ስለዚህ የኮተቤዋ እህታችን፣ የኅብረት መሪሽ ይዞት የሚሰብክበት አማርኛ መጽሐፍ ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ኦርቶዶክስ መነኩሴ ብዕር ነው። ይህን ንገሪው፣ ለክርክር ሳይሆን እንዲያውቀው።

እውነት ይቅደም · ኅዳር 27

አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ መምህር።

ዲያቆን፣ የቀደመውን መልስህን ደጋግሜ አነበብኩት ("እርስዎ" ማለቱን ተውኩት፣ ወንድሜ ስላልከኝ)። ይቅርታህን ተቀብያለሁ። እኔም በተራዬ፦ ወጣት ሆኜ ሰፈራችን ንግሥ ሲወጣ ታቦቱ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቆመን ሆን ብለን በማጉያ ስንሰብክ ነበር። አሮጊቶች እያለቀሱ ሲያልፉ አይቻለሁ። ያኔ ድፍረት መስሎኝ ነበር። አሁን አፍራለሁ።

ዲያቆን ከጎንደር · ኅዳር 28

ተቀብያለሁ ወንድሜ። በኒቅያ 318ቱ ሊቃውንት ተሰብስበው የጻፉትን፣ በኋላም በቁስጥንጥንያ ጉባኤ የተሟላውን የሃይማኖት ጸሎት እኛ በየቅዳሴው እንለዋለን። የኒቅያዎቹን ሠለስቱ ምዕት እንላቸዋለን፣ ኅዳር 9 እናከብራቸዋለን። ካቶሊኮቹም ይሉታል፣ ከእናንተም መካነ ኢየሱስ ይለዋል። እሱን ቁጭ ብለን መስመር በመስመር ብናነብ የት ድረስ አብረን እንደምንሄድ እናውቃለን። ወደ ጎንደር ብቅ ካልክ እኔ ቤት እንቀመጥ። ቡና አለ።

የኮተቤ ልጅ · ታኅሣሥ 22

ወር ሙሉ ሳልመልስላችሁ ቆየሁ፣ ይቅርታ። ሁሉንም አንብቤያለሁ፣ አንዳንዱን ለእናቴም አነበብኩላት። የሥዕሏን ታሪክ ስትሰማ ዓይኗን ጠረገች። "ያቺን ሴትዮ ሰላም በይልኝ" ብላለች።

እሁድ ሄጄ እውነቱን ነገርኳት። ሥራ አልነበረብኝም፣ ፈርቼ ነው አልኳት። "አውቄያለሁ" አለች። ከዚያ "አንቺ እስክትነግሪኝ ነው ዝም ያልኩት" አለችኝ።

የትናንቱን ማኅበር የምታወጣው ጎረቤታችን ነበረች፣ እሷም እንደ እናቴ እጇ ደካማ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተን ሁለታችን አቦካን። እናቴ በአንድ እጇ ውሃ ታፈሳለች፣ እኔ አሻለሁ። ድፎውን እኔ አገላበጥኩት፣ አላረረም።

የንስሐ አባቷ መጡ። እኔ ልወጣ ስል "የት ትሄጃለሽ፣ አባታችን ሆይን ታውቂው የለ?" አሉኝ። ቆምኩ። እነሱ በግዕዝ፣ እኔ በአማርኛ። እኔ ቀድሜ ጨረስኩ። አሜን ለማለት እስኪደርሱ ጠበቅኳቸው።

ከተባረከው አልበላሁም። ኅሊናዬ እዚያ ድረስ አልደረሰም፣ ለአባም ነገርኳቸው፣ አልተቆጡም። ስወጣ ግን እናቴ አንድ ትንሽ ዳቦ በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። ቄሱ ሳይመጡ በፊት ከዚያው ሊጥ ቆርሳ ለብቻው የጋገረችልኝ ነው። እሱን ታክሲ ውስጥ በልቼ ጨረስኩት።

ለኅብረት መሪዬም ነግሬዋለሁ። አልተስማማም። ረጅም ተከራከርን። በመጨረሻ "የእናትሽ ክንድ እንዴት ሆነ?" ብሎ ጠየቀኝ። ቅዳሜ አብረን ልንጠይቃት ነው።

የልጆች እናት · ታኅሣሥ 22

እልልልል! እናትሽንም ሰላም በይልኝ። ለክንዷ ቫዝሊን ብቻውን አይበጃትም፣ ፌጦ በሞቀ ዘይት ታሽው። ሐኪምም ትታይ።

የኮተቤ ልጅ · ታኅሣሥ 22

እሺ እማዬ። ነገ ገበያ ስወጣ ፌጦ እገዛለሁ።